"ሀቭ ኤ ቡቸርስ" ሲሉኝ ምን ማለታቸው ነው? ኮክኒ (የምሥራቅ ለንደን ሰዎች አነጋገር) የሚገባችሁ እርዱኝ

ባርኪንግ_ነዋሪ

ሰላም ለዚህ ቤት። ምሥራቅ ለንደን ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። እንግሊዝኛ አይቸግረኝም፤ አገር ቤት ተምሬዋለሁ፣ እዚህም ኮሌጅ ገብቻለሁ። ዜናው ይገባኛል፣ ደብዳቤም እጽፋለሁ። የሥራ ቦታዬ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ሲያወሩ ግን ሌላ አገር የገባሁ ነው የሚመስለኝ።

ባለፈው ሳምንት ፎርማኑ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ፊት ቆሞ "ካም ኤንድ ሀቭ ኤ ቡቸርስ" አለኝ። ቡቸር ሥጋ ሻጭ ነው። ሥጋ ሻጭን ከግድግዳ ጋር ምን አገናኘው? አብሮት ያለው አናጢ ደግሞ አንዱን ልጅ "ዩዝ ዩር ሎፍ!" ብሎ ሲቆጣው ሰማሁ። ሎፍ እኔ የማውቀው ዳቦ ሲሆን ነው።

የቃላት ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። አነበዋለሁ፣ በማግስቱ ይጠፋኛል። ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ አሠራሩን የሚያስረዳኝ ሰው ነው የምፈልገው።

ሰምና_ወርቅ

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። አሠራሩ ከገባህ ዝርዝሩ ራሱ ይያዝልሃል።

ነገሩ ቤት የሚመታ ግጥም ነው። ፎርማንህ ሊልህ የፈለገው "ሉክ"፣ ማለትም "ና እይ" ነው። ለ"ሉክ" ቤት የሚመታ ሐረግ ተፈለገለት፤ "ቡቸርስ ሁክ" ተገኘ። ሥጋ ሻጭ ሥጋ የሚሰቅልበት ሜንጦ ነው። ሁክና ሉክ ቤት መቱ። እስከዚህ ድረስ ማንም ሊገምተው ይችላል። ከዚያ ግን ቤት የሚመታው ቃል፣ "ሁክ" የሚለው፣ ተቆርጦ ይጣላል። የሚቀረው "ቡቸርስ" ብቻ ነው። አንተ ጆሮ የደረሰው ይህ ቁራጭ ነው፤ ከ"ሉክ" ጋር በድምፅም በትርጉምም የሚያገናኘው ነገር የለም። የእኛ ሰምና ወርቅ ወርቁን እዚያው ቃሉ ውስጥ ይቀብረዋል፣ ፈልፍለህ ታወጣዋለህ። ኮክኒው ግን ቁልፉን ኪሱ ከትቶት ይሄዳል።

አሁን "ሎፍ"ን ራስህ ሞክረው። ሙሉው "ሎፍ ኦፍ ብሬድ" ነው። ብሬድ ከምን ጋር ቤት ይመታል? ከ"ሄድ"። "ዩዝ ዩር ሎፍ" ማለት "ጭንቅላትህን አሠራው" ነው።

ሌሎችንም ልጨምርልህ። "ቻይና ፕሌት" ከ"ሜት" ጋር ቤት ይመታል፤ ስለዚህ "ማይ ኦልድ ቻይና" ካሉህ "የጥንት ወዳጄ" ብለውሃል። "ፖርክ ፓይስ" ለ"ላይስ" ነው፤ "ሂ ኢዝ ቴሊንግ ፖርኪስ" ማለት "ይዋሻል" ነው። "ዊስል ኤንድ ፍሉት" ለ"ሱት" ነው፤ "ናይስ ዊስል" ከተባልክ ሙሉ ልብስህ አምሯል። "ባርኔት ፌር" ለ"ሄር" ነው። ባርኔት ሰሜን ለንደን ያለ ሰፈር ነው፤ የፈረስ ገበያው የታወቀ ነበር። ዛሬ "ባርኔት" ማለት ጠጉር ነው።

አንዳንዶቹ ደግሞ አይቆረጡም፣ ሙሉውን ነው የሚሏቸው። "ብራውን ብሬድ" ማለት "ዴድ"፣ ሞቷል። "ዶግ ኤንድ ቦን" ስልክ። "ቲ ሊፍ" ሌባ። "ዉድ ዩ አደም ኤንድ ኢቭ ኢት?" ማለት "ታምነዋለህ?" የትኛው እንደሚቆረጥ የትኛው እንደማይቆረጥ ደንብ የለውም። በጆሮ ነው የሚለመደው።

ባርኪንግ_ነዋሪ

እግዚአብሔር ይስጥህ! አሁን በራልኝ። ግን ለምን እንዲህ ማወሳሰብ አስፈለጋቸው? አንድ ሠራተኛ "ፖሊስ እንዳይሰማን ነበር" ብሎኛል።

ጋሽ_ምሥራቅ

ልጄ፣ ይህ የፖሊስ ታሪክ ሁሉም ይወደዋል። ሌቦች ፈጠሩት የሚል አለ፣ የገበያ ነጋዴዎች ደንበኛው ፊት ዋጋ ሲነጋገሩ ነው የሚል አለ፣ እንዲያው ጨዋታ ነው የሚልም አለ። አጥኚዎችም አልተስማሙም። እርግጡ ነገር ይህ ነው፦ ጆን ካምደን ሆተን የሚባል የመጻሕፍት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሰፈር አነጋገር መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ቤት የሚመቱትን ቃላት ለብቻቸው ሰብስቦ አስገባቸው። እንደ እሱ አባባል ነገሩን የጀመሩት መንገድ ላይ እየጮኹ ግጥምና ወሬ የታተመበት ወረቀት የሚሸጡ ሰዎች ናቸው፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ። እኔ ለዚህ ይበልጥ ልቤ ያዘነብላል። ዳቦውን በግጥም የሚበላ ሰው ቃል ቢያዟዙር ምን ይገርማል?

ኮክኒ ማን እንደሆነም ልንገራችሁ። በዱሮው አባባል ኮክኒ ማለት የቦ ደወል እየተሰማ የተወለደ ሰው ነው። ብዙ ሰው ቦ የሚባለው የምሥራቅ ለንደን ሰፈር ይመስለዋል። አይደለም። ደወሉ ያለው ሲቲው (የለንደን አሮጌው ማዕከል) መሐል፣ ቺፕሳይድ መንገድ ላይ፣ ሴንት ሜሪ ለ ቦ በሚባል ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1666 ታላቁ ቃጠሎ አወደመው፤ ክሪስቶፈር ሬን እንደገና ሠራው። በ1941 የጀርመን ቦምብ ደወሎቹን ሰባበራቸው። እንደገና የተደወሉት በ1961 ነው። በዱሮው ሕግ ቃል በቃል ከሄድን እነዚያን ሃያ ዓመታት አንድም ኮክኒ አልተወለደም ማለት ነው!

ሰዎቹም ከቦታቸው ተነቅለዋል። አንተ ያለህበት ባርኪንግ አጠገብ የቤከንትሪን ሰፈር ታውቀዋለህ። በ1921 እና በ1935 መካከል የተሠራው የምሥራቅ ለንደንን ድሃ ከተጨናነቀ ቤት ለማውጣት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ኤሴክስ ውስጥ ሃርሎውና ባሲልደን የሚባሉ አዳዲስ ከተሞች ተቆረቆሩ። ሕዝቡ ወደዚያ ሲጎርፍ አነጋገሩም አብሮ ሄደ። ዛሬ እውነተኛ ኮክኒ መስማት የፈለገ ኤሴክስ ይሂድ።

ሀክኒ_ልጅ

ጋሼ በጣም አከብርዎታለሁ፤ ግን ይህ ነገር እኮ አልቋል። እኔ ሀክኒ ነው ያደግኩት። ክፍል ውስጥ አንድም ልጅ "አፕልስ ኤንድ ፔርስ" ሲል ሰምቼ አላውቅም። ደረጃን "ስቴርስ" ነው የምንለው፣ አለቀ። አፕልስ ኤንድ ፔርስ የቱሪስት ሻይ ኩባያ ላይ ነው ያለው።

የዛሬው የለንደን ልጅ አነጋገር ሌላ ነው። "ዋግዋን" ማለት "ምን አዲስ"፤ ከጃማይካ ነው። "ብሮቭ" ወንድሜ። "ማንደም" የጓደኞች ቡድን። "ቤር" ማለት ብዙ፤ "ቤር ፒፕል" ሲል ራቁቱን ሰው አይደለም፣ ሰው ሞልቷል ነው። "ኤንድስ" ሰፈር። "ፔንግ" ቆንጆ። "ፒክ" ሲሉ ተራራ ጫፍ አይደለም፣ ክፉ አጋጣሚ ነው። "አላው ኢት" ማለት ደግሞ "ተወው በቃ"። "ወላሂ" ደግሞ እስላሙም ክርስቲያኑም ይላል፤ ከሶማሌና ከአረብ ልጆች ነው የገባው። የእኛ ሐበሻ ልጆችም ቤታቸው ገብተው "ወላሂ ማሚ" ሲሉ እናቶች ይደነግጣሉ።

ጋሽ_ምሥራቅ

ልክ ነህ ልጄ፣ ግን አንተ የምትለው እኮ አዲስ ነገር አይደለም። ምሥራቅ ለንደን መጤው የወረደበት ወደብ ነው። የመጣው ሁሉ ቃል ጥሎ ሄዷል። "ፓል"፣ ጓደኛ፣ ከሮማኒዎች (ጂፕሲ ከሚባሉት) ነው፣ በእነሱ ወንድም ማለት ነው። "ኖሽ"፣ ምግብ፣ ዋይትቻፕል ከሰፈሩት አይሁዶች ቋንቋ ነው። "ስካርፐር"፣ ፈርጥጥ፣ ከጣልያን። "ፑካ"ን እና "ኩሺ"ን ወታደሮች ከሕንድ ይዘዋቸው መጡ፤ አንዱ "ምርጥ"፣ ሌላው "ምቹ፣ ቀላል" ማለት ነው። የእናንተ "ወላሂ" የዚሁ ሰልፍ ቀጣይ ነው። ሽማግሌው ፎርማን "ኖሽ" ሲል የአይሁድ ልጅ አይደለም፣ አንተም "ወላሂ" ስትል ሶማሌ አይደለህም። ሁለታችሁም የምሥራቅ ለንደን ልጆች ናችሁ።

ተንከባካቢ_ኤሴክስ

አልቋል ያልከው ወንድሜ፣ እኔ ጋ መጥተህ አንድ ቀን ዋል። ኤሴክስ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ቤትናል ግሪን፣ ስቴፕኒ፣ ፖፕላር በሚባሉ የምሥራቅ ለንደን ሰፈሮች የተወለዱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሞልተዋል። እንግሊዝኛው የሚከብደኝ ከሐኪሙ ጋር አይደለም፣ ከእነሱ ጋር ነበር። አሁን በጣም እወዳቸዋለሁ።

አንድ አባት አሉ፣ ዶክ (የመርከብ ወደብ) ላይ ሲሠሩ የኖሩ። ጠዋት ስገባ እንዲህ ይሉኛል፦ "ማይ ፕሌትስ አር ኪሊንግ ሚ፣ አይም ሀንክ ማርቪን፣ ኤኒ ቻንስ ኦፍ ኤ ሮዚ?" ቃል በቃል ብትተረጉመው ምንም አይገባህም። "ፕሌትስ ኦፍ ሚት" ከ"ፊት" ጋር ቤት መታ፤ እግራቸውን አሟቸዋል። ሀንክ ማርቪን "ዘ ሻዶውስ" የሚባለው ባንድ ጊታሪስት ነው፤ ከ"ስታርቪን" ጋር ቤት ይመታል፣ ራበኝ ማለት ነው። "ሮዚ ሊ" ሻይ ነው። እግራቸውን አሟቸው፣ ርቧቸው፣ ሻይ አማራቸው፤ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ።

እዚህ ሥራ ላይ አለማወቅ ያስጠይቃል። አንድ ቀን እኚሁ አባት "አይ ዎዝ ቶም ኤንድ ዲክ ኦል ናይት" አሉ። አዲስ የመጣች ልጅ ቶምና ዲክ የሚባሉ ሰዎች ሌሊት ሊጠይቋቸው መጡ መስሏት መዝገብ ላይ ልትጽፍ እስክሪብቶ አንሥታ ነበር። "ሲክ" ማለታቸው ነው! ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሳቸው ነው ያደረው። መጦሪያ ውስጥ ትውከት ማለት ወዲያው የሚነገር ነገር ነው፣ ለሌላው ሊተላለፍ ይችላል። ደግነቱ በጊዜው ደረስን።

እህቶቼ፣ በእንክብካቤ ሥራ ላይ ያላችሁ እነዚህን ያዙ። "ሂ ኢዝ ኤ ቢት መተን" ካሏችሁ የበግ ሥጋ አይደለም፤ "መት ኤንድ ጄፍ" ለ"ዴፍ" ነው፣ ጆሮው ይከብደዋል፣ የመስሚያ መሣሪያውን ባትሪ እዩለት። "ማይ ቻልፎንትስ" ካሉ "ቻልፎንት ሴንት ጃይልስ" ከሚባል መንደር ስም የመጣ ነው፤ ከ"ፓይልስ" ጋር ቤት ይመታል፣ ኪንታሮት ማለት ነው። አፍረው ነው እንዲህ የሚሉት፣ እናንተም በድምፃችሁ ዝቅ አድርጉ። "አይ ኒድ ቱ ስፔንድ ኤ ፔኒ" ካሉ ገንዘብ አይፈልጉም። ዱሮ የሕዝብ ሽንት ቤት በር አንድ ፔኒ ካልገባበት አይከፈትም ነበር። ሽንታቸው መጥቷል፣ ቶሎ በሉ።

ግጥም ያልሆነም አለ። "ፑርሊ" ትንሽ መታመም ይመስላል። ነርስ ግን ስለ በሽተኛ "ሺ ኢዝ ቬሪ ፑርሊ" ካለች ሁኔታዋ አስጊ ነው ማለት ነው። ቤተሰብ ይጠራ።

ባርኪንግ_ነዋሪ

እህቴ፣ ይህንን መልስሽን ነርስ ለሆነችው እህቴ ልኬላታለሁ። ተባረኪ።

ሰምና_ወርቅ

ተንከባካቢ፣ ለዚህ መልስሽ ክብር ይስጥልኝ።

ሀክኒ_ልጅ፣ አፕልስ ኤንድ ፔርስ ላይ እስማማለሁ። አንዳንዱ የሚኖረው ለጨዋታ ብቻ ነው። ግን ብዙው ከኮክኒነቱ ወጥቶ ሁሉም አፍ ውስጥ ገብቷል። "ኦን ዩር ቶድ" ሲሉ ሰምተህ ይሆናል፣ ብቻህን ማለት ነው። ቶድ ስሎን የሚባል አሜሪካዊ ፈረስ ጋላቢ ነበር፤ ስሙ ከ"ኦውን" ጋር ቤት መታ። ሰውየው ከሞተ ዘጠና ዓመት አልፎታል፣ ቶድ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ቃሉ ግን አለ። ካሪ (የሕንድ ወጥ) ልብላ ሲሉ "ሩቢ" ይላሉ። ሙሉው "ሩቢ መሪ" ነው፣ ከ"ካሪ" ጋር ቤት ይመታል፤ ሩቢ በ1955 በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ዘፈን ምርጥ ሃያው ውስጥ ያስገባች የቤልፋስት ዘፋኝ ናት። "ብሎው ኤ ራዝቤሪ"፣ በከንፈር የሚወጣው ፕር የሚል ድምፅ፣ ከ"ራዝቤሪ ታርት" ነው፤ ከ"ፋርት" ጋር ቤት ይመታል፣ ፈስ ማለት ነው። አያቶች ሕፃን ሲያጫውቱ ያደርጉታል፣ አንዳቸውም ምንጩን አያስቡትም።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። "በርክ" የሚለውን ቴሌቪዥን ላይ "ቂል" በሚል ትርጉም እንደ ቀልድ ትሰሙታላችሁ። ሙሉው ሲነገር ቤት የሚመታው የሴት ሀፍረተ ሥጋን ከሚጠራው፣ በእንግሊዝኛ ከከፉት ስድቦች አንዱ ከሆነው ቃል ጋር ነው። አሜሪካኖችን "ሴፕቲክ" የሚሏቸው ደግሞ "ሴፕቲክ ታንክ" ከ"ያንክ" ጋር ስለሚገጥም ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ብለው መጥራታቸው ነው። በዘር፣ በአካል ጉዳት ላይ የተሠሩም አሉ፤ እዚህ አልጽፋቸውም። ቁራጩ ንጹሕ ይመስላል፣ የተጣለው ግማሽ ግን ያቆስላል። የአንድን ቃል የተቆረጠ ግማሽ ካላወቃችሁ ስሙት እንጂ አትናገሩት።

አነጋገር ላይም አንድ ልጨምር። ሁላችንም በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ "ስሪ" ብለን ነው የተማርነው፣ እነሱ "ፍሪ" ይሉታል። "ብራዘር" "ብራቨር" ይሆናል። "ሃውስ" መጀመሪያው ተውጦ "አውስ" ነው። "ወተር" መሐሉ ላይ ጉሮሮ ውስጥ ይሰበራል። ይህንን ጆሮህ ካልለመደ የቃሉን ትርጉም ብታውቅም አይገባህም።

ብሪስቶል_ሰላም

ለንደን ለንደን አላችሁ። እኛ ክፍለ ሀገሮችስ? ብሪስቶል አውቶቡስ ስሳፈር ሹፌሩ፣ ትልቅ ሰው፣ "ኦልራይት ማይ ላቨር?" አለኝ። ፍቅረኛዬ ብሎ የጠራኝ መስሎኝ ፊቴ ቀላ! ለሁሉም ነው የሚለው፣ ለአሮጊቷም። እንደ እኛ "የኔ ቆንጆ" ቁጠሩት። ኖቲንግሃምና ስቶክ ደግሞ "ዳክ" ይሏችኋል። ኒውካስል "ፔት"፣ ግላስጎ ሴቷን "ሄን"። ዳክዬ፣ የቤት እንስሳ፣ ዶሮ። ሁሉም ፍቅር ነው።

አዲስ_ገቢ

"ዩ ኦልራይት?" ሲሉኝ ሁልጊዜ የታመምኩ እመስላቸዋለሁ ወይ እያልኩ እጨነቃለሁ።

ብሪስቶል_ሰላም

አይዞህ፣ "ሰላም ነው?" ማለት ነው። "ያ፣ ዩ?" በልና እለፍ። ጨጓራህን አትንገራቸው።

እዚያው ላይ "ናክርድ" ማለት ደክሞኛል፣ "ስኪንት" ገንዘብ ጨርሻለሁ፣ "ጋተድ" አዝኛለሁ፣ "ቻፍድ" ደስ ብሎኛል፣ "ዶጂ" የማያስተማምን። ሰሜን ስትሄድ ደግሞ "ቲ" ብለው ከጠሩህ ሻይ ብቻ መስሎህ በልተህ እንዳትሄድ። እራት ነው።

ጋሽ_ምሥራቅ

በ2009 ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ጥቂት የገንዘብ ማውጫ ማሽኖች ኮክኒ የሚል ምርጫ እንደነበራቸው የሚያስታውስ አለ? የሚስጥር ቁጥርህን "ሀክልቤሪ ፊን" ብሎ ይጠይቅሃል፣ ከ"ፒን" ጋር ይገጥማል። ጥሬ ገንዘቡን "ሶሴጅ ኤንድ ማሽ" ይልሃል፣ ለ"ካሽ"። ለማስታወቂያ ነበር። ግን እኔ ዱሮ የተማርኩት ቋንቋ ማሽን ላይ ተጽፎ ሳየው ደስ አለኝ።

ቫን_ፈላጊ

ጋሼ ገንዘብ ካነሱ አይቀር አንድ አስቸኳይ ጥያቄ አለኝ። ያገለገለ ቫን ልገዛ ነው። ሻጩ ስልክ ላይ "ኤ ግራንድ ኤንድ ኤ መንኪ፣ ኧ ፖኒ ኦፍ ፎር ካሽ" አለኝ። ጦጣና ድንክ ፈረስ ምን ያደርጉልኛል? ነገ ጠዋት ነው ቀጠሮው።

ጋሽ_ምሥራቅ

እነዚህ ቤት የሚመቱ አይደሉም፣ የገንዘብ ስሞች ናቸው። "ኲድ" አንድ ፓውንድ ነው። "ፋይቨር" 5፣ "ተነር" 10፣ "ስኮር" 20፣ "ፖኒ" 25፣ "ቶን" 100፣ "መንኪ" 500፣ "ግራንድ" 1,000። ቤት የሚመቱትም አሉ፤ 5 ፓውንድን "ሌዲ ጎዳይቫ" ይሉታል፣ ከ"ፋይቨር" ጋር። 10 ፓውንድን "አይርተን ሴና" ይሉታል፣ ከ"ተነር" ጋር፤ በመኪና እሽቅድምድሙ ብራዚላዊ ስም ነው።

ስለዚህ ዋጋው 1,500 ፓውንድ ነው። በጥሬ ገንዘብ ከከፈልክ 25 ይቀንስልሃል፣ 1,475 ትከፍላለህ። ግን ከቤት ሳትወጣ ዋጋውን በቁጥር ጽፎ በስልክህ እንዲልክልህ ንገረው። ደረሰኝም አስጽፍ።

ቫን_ፈላጊ

አሁን ላከልኝ። 1,475 ይላል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ።